«ባውድለራይዝ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ፤ ትርጉሙ፣ አመጣጡና ለመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ በዕለት ተዕለት ንግግር እምብዛም የማይሰሙ፣ ነገር ግን ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ቴአትርና ስለ ትምህርት በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ ግሦች አሉ። ከእነዚህ አንዱ «ባውድለራይዝ» የሚለው ነው። ይህን ቃል ለመረዳት መዝገበ ቃላት የሚገልጥ መምህር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አጭር ፍቺ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ጽሑፍ ውስጥ ለጨዋነት የማይስማማውን ቆርጦ ማውጣት የሚል ነው። ፍቺው ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ቃሉ ያዘለውን ወቀሳ አይነግርም፤ ከማሳጠር፣ ከማቅለልና ከሳንሱር የሚለይበትንም ወሰን አያሳይም።

ይህን ወሰን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው የቋንቋ መምህርን ብቻ አይደለም። በየትኛውም አገር የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ከሌላ ደራሲ ሥራ ላይ ለተማሪው ዕድሜ፣ ለክፍለ ጊዜው ወይም ለኅብረተሰቡ ልማድ አይስማማም ያለውን ይቀንሳል። ይህ ተግባር አንዳንድ ጊዜ ተገቢ የሆነ የዝግጅት ሥራ ሲሆን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ግሡ የሚወቅሰው ዐይነት ቆረጣ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ የቃሉ አመሠራረትና ትርጉም፣ ቀጥሎም የተነሣበት ታሪክ፣ በመጨረሻም ከታሪኩ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚገኘው ትምህርት ይገለጻል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የቃሉ አመሠራረት

ግሡ ከሁለት ክፍሎች የተገነባ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ባውድለር» የሚለው የእንግሊዛውያን የቤተሰብ ስም ነው። ሁለተኛው «አይዝ» የተባለው ድኅረ ቅጥያ ሲሆን፣ መነሻው የግሪክ ቋንቋ ነው። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ተላልፏል። ይህ ቅጥያ በስም ወይም በቅጽል መጨረሻ ሲታከል «እንዲህ አደረገ»፣ «ወደዚህ ለወጠ» ወይም «በእገሌ ዘዴ ሠራ» የሚል ትርጉም ያለው ግሥ ያስገኛል።

ከሰው ስም ግሥ ማውጣት በእንግሊዝኛ የተለመደ ነው። በወተት መያዣዎች ላይ ተጽፎ የሚታየው «ፓስቸራይዝድ» የሚለው ቃል ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሉዊ ፓስተር ስም የተገኘ ነው። በሰው ላይ እንደ ምትሐት ያለ መፍዘዝ ማሳደር «መስመራይዝ» መባሉ ከጀርመናዊው ሐኪም ከፍራንዝ መስመር፣ ጠጠር እየደለደሉና እየጠቀጠቁ መንገድ መሥራት «ማካዳማይዝ» መባሉም ከስኮትላንዳዊው መንገድ ሠሪ ከጆን ማክአዳም ስም የመጣ ነው። ቅጥያ ሳይጨመርበት ስሙ ራሱ ግሥ የሆነበትም ምሳሌ አለ። በ1880 በአየርላንድ፣ በማዮ አውራጃ፣ የአንድ ባለርስት እንደራሴ የነበሩት ካፕቴን ቻርልስ ቦይኮት የአካባቢው ሕዝብ እንዳይሠራላቸውና እንዳይገበያያቸው በተስማማ ጊዜ «ቦይኮት» የተባለው ቃል ተወለደ።

በዚህ ረገድ እንግሊዝኛንና አማርኛን ማነጻጸር ለተማሪው ይጠቅመዋል። አማርኛ የባዕድ ስምን ወደ ግሥነት ሲያመጣ አብዛኛውን ጊዜ «አደረገ» በሚለው ቃል ይረዳል፤ «ቦይኮት አደረገ» እንደሚባለው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ስሙን ባለበት ይተወዋል፤ አለዚያም ቅጥያ ያክልበታል። ተማሪው የቅጥያውን ሥራ አንድ ጊዜ ከተረዳ፣ ከዚህ በፊት ያላያቸውን ብዙ ግሦች ራሱ ሊፈታ ይችላል።

ስለ አጠቃቀሙ ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ግሡ ተሻጋሪ ስለሆነ ተሳቢ ይፈልጋል፤ ተሳቢውም መጽሐፍ፣ ቴአትር፣ ዘፈን፣ ፊልም ወይም የደራሲ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ከግሡ «ባውድለራይዜሽን» የሚል የድርጊት ስም ይወጣል። ሦስተኛ፣ ቃሉ በመጀመሪያ በትልቁ ፊደል ይጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን በትንሹ ፊደል ይጻፋል። ይህም ባለስሙ ቀስ በቀስ እየተረሳ፣ ቃሉ ግን የቋንቋው የጋራ ንብረት መሆኑን የሚያመለክት ነው።

2. ትርጉሙና ወሰኑ

አንድ ሥራ «ባውድለራይዝ ተደረገ» ለመባል ሦስት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። በመጀመሪያ፣ ሥራው የሌላ ደራሲ ሆኖ በደራሲው ስም መቅረቡን መቀጠል አለበት። ቀጥሎም፣ ከሥራው የተቆረጠው ወይም የተለወጠው ነገር ነውር ነው፣ ያስቀይማል ወይም ለወጣቶች አይገባም ተብሎ የተፈረደበት መሆን አለበት። በመጨረሻም፣ ግሡን የሚጠቀመው ተናጋሪ ቆረጣው ሥራውን አዳክሞታል ብሎ የሚወቅስ መሆን አለበት። ይህ ሦስተኛው ሁኔታ በአጫጭር ፍቺዎች ውስጥ የማይገኘው ነው። ወቀሳ ሳይጨምር ነገሩን ብቻ ለመግለጽ የሚፈልግ እንግሊዛዊ «ኤክስፐርጌት» የሚለውን ሌላ ግሥ ይመርጣል፤ እርሱም «አጥርቶ ማውጣት» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው።

ከዚህ የተነሣ ግሡን ከሦስት ተቀራራቢ ተግባሮች መለየት ይቻላል። ማሳጠር ማለት በርዝመት ምክንያት መቀነስ ነው፤ የተቀነሰው ነውር ስለሆነ ሳይሆን ጊዜና ገጽ ስለማይበቃ ነው። ማቅለል ማለት ከባድ ቃላትንና ዐረፍተ ነገሮችን በተማሪው የቋንቋ ችሎታ ልክ መለወጥ ነው። ሳንሱር ደግሞ ሥልጣን ያለው አካል አንድ ጽሑፍ ወይም ከፊሉ ለሕዝብ እንዳይደርስ መከልከሉ ነው፤ መነሻውም ከጨዋነት ይልቅ ፖለቲካ ወይም ሃይማኖት ሊሆን ይችላል። «ባውድለራይዝ» ማድረግ ግን መከልከል አይደለም፤ ለአንባቢ በማሰብ፣ ብዙ ጊዜም በቅን ልቦና፣ አጉድሎ መስጠት ነው። ግሡ ከጊዜ በኋላ ሰፋ ብሎ፣ አንድን ታሪክ ወይም ሐሳብ አስቸጋሪ የሆነውን ክፍል አስወግዶ ለስላሳ አድርጎ ማቅረብንም ለመግለጽ አገልግሏል።

3. ስሙን ለግሡ ያወረሰው ቤተሰብ

ቶማስ ባውድለር በ1754 ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። ሕክምና አጥንተው በ1776 ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በዶክተርነት ተመረቁ። በ1781 አንድ የታመመ ወዳጃቸውን ተከትለው ወደ ሊዝበን ሄዱ፤ ወዳጃቸው በዚያው ሞተ፤ እርሳቸውም በትኩሳት በሽታ ተይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሕክምናን ሥራ ትተው በበጎ አድራጎት፣ በተለይም በእስር ቤቶች ሁኔታ መሻሻል ላይ አተኮሩ። በሰንጠረዥ ጨዋታ ችሎታቸውም የታወቁ ነበሩ።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ ግን መነሻው የልጅነት ቤታቸው ነው። አባታቸው በምሽት ቤተሰቡን ሰብስበው የሼክስፒርን ቴአትሮች ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ልጆቹ በንባቡ ይደሰቱ ስለ ነበር፣ አባታቸው ለእናትና ለልጆች ጆሮ አይገባም ያሉትን ቃል እያነበቡ ሳሉ እንደሚዘልሉት ወይም እንደሚለውጡት አላወቁም። ቶማስ ይህን የተረዱት አድገው ሙሉውን መጽሐፍ ራሳቸው ባነበቡ ጊዜ ነው። እንደ አባታቸው አስተዋይ አንባቢ የሌለው ቤተሰብም ይህንኑ ዕድል እንዲያገኝ፣ የተመረጠና የተጣራ ሼክስፒር በመጽሐፍ ታትሞ ይቅረብ የሚለው ሐሳብ ከዚህ መነጨ።

ሐሳቡን በመጀመሪያ በሥራ ላይ ያዋሉት ግን ቶማስ አልነበሩም። በ1807 «የቤተሰብ ሼክስፒር» በሚል ርእስ ሃያ ቴአትሮችን የያዘ ባለአራት ቅጽ መጽሐፍ በባዝ ከተማ ሲታተም፣ ያዘጋጇት እኅታቸው ሄንሪየታ ማሪያ ባውድለር ነበሩ። በመጽሐፉ ላይ ግን የአዘጋጁ ስም አልተጻፈም። በዚያ ዘመን ያላገባች ጨዋ ሴት ከሼክስፒር ውስጥ ነውር የሆነውን መርጣ አወጣች ከተባለ፣ ነውሩን ታውቀዋለች መባሉ አይቀርም ነበር። በ1818 ሥራው ወደ ዐሥር ቅጽና ወደ 36 ቴአትሮች አድጎ ሲወጣ የቶማስ ስም ብቻ በላዩ ታተመ። የእኅትየዋ ድርሻ በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው ኖኤል ፔሪን በ1969 ስለ ባውድለርና ስለ ቆረጣ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ አማካይነት ነው። እንግዲህ ግሡ የተሸከመው ስም የወንድሙ ሆኖ ቢታሰብም፣ የቤተሰቡ ስም በመሆኑ እኅትየዋንም ሳይታወቅ ይዞ ኖሯል።

4. የተቆረጠውና ያልተቆረጠው

ባውድለር በመጽሐፋቸው የርእስ ገጽ ላይ ሥራቸውን በግልጽ አስታውቀዋል፤ ይኸውም በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ምንም እንዳልጨመሩ፣ በቤተሰብ መካከል ጮክ ተብለው ሊነበቡ የማይገባቸውን ቃላት ብቻ እንዳስቀሩ የሚገልጽ ነው። በሥራው ውስጥ ሲታይ ግን ቃሉ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ አልነበረም፤ አንዳንድ ቃላት በሌላ ተተክተዋልና። የእግዚአብሔር ስም በቃለ አጋኖ በተጠራበት ቦታ «ሰማይ» የሚለው ገብቷል።

በ«ማክቤዝ» ቴአትር ንግሥቲቱ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች፣ በእጇ ላይ የቀረ የሚመስላትን የደም ነጠብጣብ ለማስለቀቅ ስትታገል ትታያለች። ሼክስፒር ለነጠብጣቡ የሰጠው ቅጽል «የተኮነነ» ወይም «የተረገመ» የሚል ትርጉም ያለው ነው። በባውድለር እትም ይህ ቅጽል ደማቅ ቀይ መሆንን በሚያመለክት ቃል ተለውጧል። የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ጽሑፍ ቃሉ ስለ ነጠብጣቡ ሲናገር ስለ ንግሥቲቱም ኩነኔ ይናገራል፤ በተለወጠው ግን መልኩ ቀርቶ ኩነኔው ጠፍቷል። የአንድ ቃል ቆረጣ ሳንካ የሚገባው በዚህ ዐይነት ቦታ ነው።

በሌሎች ቴአትሮች የተደረገው ከዚህ የበለጠ ነው። ከ«ሄንሪ አራተኛ» ሁለተኛ ክፍል ዶል ቲርሺት የተባለችው ሴተኛ ዐዳሪ ጨርሳ ወጥታለች። «ሜዠር ፎር ሜዠር» የተባለውን ቴአትር ግን ባውድለር ሊያስተካክሉት ስላልቻሉ፣ ተዋናዩ ጆን ፊሊፕ ኬምብል ለመድረክ ያዘጋጀውን ቅጂ አተሙ።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው በ«ኦቴሎ» ላይ የገጠማቸው ነገር ነው። ይህ ቴአትር በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ለአማርኛ ተመልካች ከቀረቡት የሼክስፒር ሥራዎች አንዱ ስለሆነ፣ ታሪኩ ለብዙ መምህራን እንግዳ አይደለም። ኢያጎ በሐሰት ቃሉ ኦቴሎን ሚስቱን እንዲጠራጠር አድርጎ ወደ ግድያ ይመራዋል። የኢያጎ ቃላት ለምሽት ንባብ የማይመቹ ናቸው፤ ዳሩ ግን ኦቴሎን መርዝ የሚያጠጡት እነዚያው ቃላት ናቸው። እነርሱ ከወጡ የኦቴሎ ቁጣ ያለ ምክንያት ይቀራል። ባውድለርም ይህን ስለተረዱ፣ ቴአትሩ ለቤተሰብ ንባብ የማይስማማ መሆኑን አስታውቀው፣ ከሳሎን ተነሥቶ ወደ ግል ማንበቢያ ክፍል እንዲዛወር መከሩ። ለመቁረጥ የተነሡት ሰው ራሳቸው፣ መቁረጥ የማይቻልበት ቦታ መኖሩን የመሰከሩት በዚህ ነው።

5. ከምስጋና ወደ ወቀሳ

መጽሐፉ ገና ከመውጣቱ የሚነቅፉት ቢኖሩም ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። በ1821 ፍራንሲስ ጄፍሪ «ኤዲንብራ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ አመሰገነው። ባውድለር በ1825 ካረፉ በኋላም መታተሙ ቀጠለ፤ እስከ 1850 ድረስ ዐሥራ አንድ ጊዜ ታትሟል። ባውድለር በዚሁ ዘዴ ያዘጋጁት የኤድዋርድ ጊበን የሮማ መንግሥት ታሪክም ከሞታቸው በኋላ በ1826 ወጥቷል።

ስማቸው በግሥነት ተጽፎ የተገኘው በ1836፣ ከሞቱ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የጻፈውም ወታደርና የሕዝብ እንደራሴ የነበረው ቶማስ ፐሮኔት ቶምፕሰን ነው። ቃሉ ከመጀመሪያው የፌዝ ቃና ነበረው፤ የዘመኑ ጠባይ እየተለወጠ፣ የቃላት ጥብቅነትም እየላላ በሄደ መጠን ወቀሳው እየበረታ መጣ። ይሁን እንጂ ሁሉም በፌዙ አልተባበረም። ራሱ በድፍረት ግጥሞቹ የተነቀፈው ባለቅኔ አልጀርነን ስዊንበርን በ1894 ባውድለርን ተከላክሎ ሲጽፍ፣ ሼክስፒርን ለአስተዋይ ልጆች እጅ ያበቃ ሰው ለሼክስፒር ትልቅ አገልግሎት እንደ ሠራ ገልጿል።

እዚህ ላይ በግሡ ታሪክ ውስጥ ያለው ተቃርኖ ይታያል። ዛሬ «ባውድለራይዝ» ሲባል አንባቢው ሳያውቅ በድብቅ የተጎደለ ጽሑፍ ይታሰባል። ባለስሙ ግን መቁረጣቸውን በርእስ ገጽ ላይ ጽፈው ነበር፤ ያልቻሉትንም አልቻልኩም ብለው ተናግረዋል። ስማቸውን ያጎደፈው ወቀሳ በብዙ መልኩ የሚገባው እንደ እርሳቸው ቆርጠው፣ ነገር ግን ሳይናገሩ ለቀሩ አዘጋጆች ነው።

6. በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ መጽሐፍ

የሄንሪየታ ባውድለር ሥራ በታተመበት በ1807 «የሼክስፒር ተረኮች» የተባለው መጽሐፍ በለንደን ወጣ። ይህም እንደ ባውድለሮቹ ሃያ ቴአትሮችን የያዘ፣ ለወጣቶች የተዘጋጀና የወንድምና የእኅት ሥራ ነበር። ሜሪ ላም ዐሥራ አራቱን፣ ወንድሟ ቻርልስ ላም ደግሞ ስድስቱን ትራጄዲዎች ጻፉ፤ በመጀመሪያው እትም ላይ የታተመው ግን የቻርልስ ስም ብቻ ነበር።

ላሞቹም ለልጆች የማይስማማውን ትተዋል። ሆኖም መጽሐፋቸው የዚህ ግሥ ምሳሌ ሆኖ አይጠቀስም። ምክንያቱም ቴአትሮቹን በስድ ንባብ እንደ አዲስ ተረኩ እንጂ፣ የጎደለውን ጽሑፍ የሼክስፒር ቃል ነው ብለው አላቀረቡም። አንባቢው የያዘው ተረክ መሆኑንና ቴአትሩ ራሱ ሌላ ቦታ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ይህ ንጽጽር ቀደም ሲል የተዘረዘረውን የመጀመሪያ ሁኔታ ያብራራል፤ ወቀሳውን የሚያመጣው መቀነሱ ብቻ ሳይሆን የተቀነሰውን ሙሉ አስመስሎ በደራሲው ስም ማቅረቡ ነው።

7. በትምህርት ቤት እትሞች ላይ የታየ

የዚህ ነገር አደጋ ጎልቶ የታየው በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ በአንድ የትምህርት ቤት እትም ላይ ነው። ሬይ ብራድበሪ በ1953 «ፋራናይት 451» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ታሪኩ መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት ዘመን ነው። በ1967 አሳታሚው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ልዩ እትም አውጥቶ ከ70 በሚበልጡ ቦታዎች ላይ ለውጥ አደረገ፤ የስድብና የእርግማን ቃላት ወጡ፤ ሰካራም የነበረ ሰው በሽተኛ ተደረገ። ለውጥ መደረጉ በመጽሐፉ ላይ አልተገለጸም ነበር። ከ1973 ጀምሮም የተጎደለው ቅጂ የትምህርት ቤቱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለሁሉም አንባቢ የሚሸጠው እርሱ ሆነ። ደራሲው ነገሩን ያወቀው በ1979 ነው፤ ባቀረበው ተቃውሞም የመጀመሪያው ጽሑፍ ተመለሰ። ስለ መጻሕፍት መጥፋት የተጻፈ መጽሐፍ ራሱ ለዓመታት ሳይታወቅ ጎድሎ ተነበበ ማለት ነው።

በ2023 ደግሞ የሮአልድ ዳል የልጆች መጻሕፍት ስለ ሰዎች መልክና ጠባይ በሚናገሩ ቃላት ምክንያት ታርመው መውጣታቸው በብሪታንያ ክርክር አስነሣ፤ «ባውድለራይዝ» የሚለው ቃልም በዚሁ ክርክር ውስጥ ተሰማ። አሳታሚው የቀድሞውን ጽሑፍ ከታረመው ጎን ለጎን እንደሚያትም አስታወቀ። የሚቆረጠው ነገር በየዘመኑ ቢለዋወጥም ጥያቄው አንድ ሆኖ መቆየቱን ይህ ያሳያል።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ ተማሪው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው አጥሮ ወይም ቀልሎ በቀረበ መልኩ ነው። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። ጉድለት የሚሆነው ተማሪው፣ አንዳንዴም መምህሩ፣ የያዘው ሙሉ ሥራ ይመስለው እንደሆነ ነው። ከግሡ ታሪክ የሚከተሉትን መመሪያዎች ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ከማንኛውም ደራሲ ሥራ የተወሰደ ምንባብ አጥሮ፣ ቀልሎ ወይም ተቆርጦ ከሆነ፣ ይህ በምንባቡ ራስጌ ወይም ግርጌ በአንድ መስመር ይገለጽ። ባውድለር በርእስ ገጻቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚቆረጠው ክፍል በታሪኩ ውስጥ ያለው ሥራ ይመርመር። ክፍሉ ቢወጣ የታሪኩ ምክንያት ሳይነካ የሚቀር ከሆነ ቆረጣው ብዙ አይጎዳም። እንደ ኢያጎ ቃላት የታሪኩ ምሰሶ ከሆነ ግን፣ ሥራውን አጉድሎ ከማስተማር ይልቅ ለክፍሉ የሚስማማ ሌላ ሥራ መምረጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ የተቆረጠው ምን እንደሆነና በምን ምክንያት እንደተቆረጠ ይጻፍ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሙሉውን መጽሐፍ ከሌላ ቦታ አግኝቶ ቢጠይቅ፣ መምህሩ የሚመልሰው አያጣም።

አራተኛ፣ ለተማሪዎች የተዘጋጀ እትም ከጠቅላላው አንባቢ እትም በግልጽ ምልክት ይለይ። የ«ፋራናይት 451» ታሪክ እንዳሳየው፣ ምልክት የሌለው የትምህርት ቤት ቅጂ የመጀመሪያውን ሊተካ ይችላል።

ግሡን በክፍል ውስጥ ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ከፍቺው ይልቅ ከታሪኩ ቢጀምር ይመረጣል። የባውድለር አባት በምሽት ሲያነቡ የሚያሳየውን ታሪክ በአጭሩ ከነገረ በኋላ፣ ተማሪዎቹ የሚያውቁትን «ፓስቸራይዝድ» የሚለውን ቃል አስታውሶ የቅጥያውን ሥራ እንዲያገኙ ማድረግ ይችላል። ቀጥሎም አንድ አጭር ምንባብ ሰጥቶ፣ አንዱ ቡድን እንዲያሳጥረው፣ ሌላው እንዲያቀልለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ያስቀይማል ያለውን እንዲያወጣለት ቢያደርግ፣ የሦስቱ ተግባሮች ልዩነት በሥራ ይታያል።

ማጠቃለያ

«ባውድለራይዝ» የተባለው ግሥ ከአንድ ቤተሰብ ስም የተነሣ፣ ከ1836 ጀምሮ በጽሑፍ የሚታወቅ፣ የሌላ ደራሲን ሥራ በጨዋነት ስም አጉድሎ ማቅረብን የሚወቅስ ቃል ነው። በአማርኛ ለመተርጎም አንድ ቃል ብቻ ስለማይበቃው፣ እንደ አገባቡ «በጨዋነት ስም ማጉደል» ወይም «አለስልሶ መቁረጥ» በማለት መግለጽ ይቻላል። ለወጣት የሚሆነውን መምረጥ ከመምህርና ከመጽሐፍ አዘጋጅ ኀላፊነት የማይወጣ ተግባር ነው። የባውድለር አባት ምን እንደዘለሉ ለልጆቻቸው አልነገሩም፤ ልጃቸው ግን መቁረጣቸውን ለአንባቢያቸው በጽሑፍ አስታወቁ። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅም ቢያንስ ይህን ያህል ለተማሪውና ለመምህሩ ሊያስታውቅ ይገባል።